ተራ ያዡ ሣጥንና የእናትሽ ዓይን

መስከረም 24 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለቤተሰባችን የመጀመሪያዋና እስካሁንም ብቸኛዋ መሐንዲስ፣ ባሕር ማዶ፤

ጤናሽ አዲስ ዘይት እንደተቀየረለት ሞተር ያለ ድምፅ ይሩጥ። እኛ፣ ማለትም እናትሽ፣ እኔና ወርክሾፔን ያለ ኪራይ የሚጋራኝ ድመት፣ ደህና ነን። ከድመቱ በቀር ሁላችንም ናፍቀንሻል፤ እሱም ስለማያውቅሽ ነው።

በስልክ የማልነግርሽ ያለ ምክንያት አይደለም። የፈጠራ ሐሳብ በስልክ ሲነገር ግማሹ መንገድ ላይ ይንጠባጠባል፣ የቀረውን ግማሽ ደግሞ አጠገቤ የቆመ ሰው ይለቅመዋል። የጎረቤታችንን የፀጉር አስተካካዩን ጆሮ ታውቂዋለሽ፤ መቀሱን እያንቀሳቀሰ ሦስት ቤት ያዳምጣል። ስለዚህ ሥዕል አያይዤ ጽፌልሻለሁ።

ዘንድሮ ሦስት ሐሳብ መጥቶልኛል። አንደኛው፣ ባለቤቱ ረስቶት ሲሄድ «ሰውዬ፣ ወዴት ነው?» ብሎ የሚጮህ ጃንጥላ ነው። ሁለተኛው፣ እንቅልፍ የሚያበዛን ሰው ቀስ በቀስ እያዘነበለ ወለል ላይ የሚያወርድ አልጋ ነው። በራሴ ላይ ሞክሬው ወገቤ እስካሁን ያመኛል፤ ይህም መሥራቱን ያረጋግጣል። ሦስተኛውን ግን ተቀምጠሽ አንብቢ።

የእናትሽን ቀኝ ዓይን ሞራ ሸፍኖታል። ግራውም እየተከተለ ነው። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታት ወር አለፋት፤ ልብስ ሰፊ ክር ካላስገባች ምን ሥራ እንደሚቀራት አንቺው ገምቺ። አንድ የዓይን ሐኪም በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ወደ ጤና ጣቢያው ይመጣና ሁለት ሳምንት ያክማል። በመጣ ቁጥር ዐሥራ ሁለት ሰው ብቻ ይመዘገባል። ሐኪሙ ሚያዝያ ላይ ጠቅልሎ ሊሄድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚመጣ፣ ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ የለም። እኔም እንደማንኛውም ሰው ሄጄ ልሰለፍላት ጫማዬን አሠርኩ። ማሠሪያውን ይዤ ሳለሁ ነው ሐሳቡ የመጣው፤ እግር የተሰጠን ለመሄድ ከሆነ ለመቆም ሌላ ነገር መሠራት አለበት!

ይኸውልሽ፤ ተራ ያዥ ሣጥን። አራት ጎማ አለው። ከፊቱ ያለው ሰው ሲራመድ ይራመዳል፣ ሲቆም ይቆማል። ግንባሩ ላይ የባለተራው ፎቶግራፍ ይለጠፋል። ባለተራው ቤቱ ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል። አንድ ትንሽ ሞተርና ርቀት የሚለካ ሴንሰር ላኪልኝ። እንደ ባለሙያነትሽም ፍርድሽን ጻፊልኝ፤ ሳታዳሊ።

የነካሽው ሁሉ በመጀመሪያው ሙከራ ይነሣልሽ።

አጎትሽ

*ልጄ፣ የልብስ ማጠቢያ ጋሪዬን ጎማ ነቅሎ ወሰደው። ካልሲ ልበሺ። እናትሽ*


ጥቅምት 16 ቀን

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ጤና ይብዛልዎ፣ ወገብዎም ከአልጋው ጋር ይታረቅ። እኔ ደህና ነኝ። ያለሁባት ክፍል አንድ መስኮት አላት፤ መስኮቷ የሌላ ሰው መስኮት ታያለች። እዚያ ማዶ ያለው ሰውዬ ማለዳ ማለዳ ሸሚዙን ሲተኩስ አየዋለሁ፣ እሱም ሻይ ስጠጣ ያየኛል፤ ግን ሰላምታ አልጀመርንም።

ሐሳብዎ ግሩም ነው። ሥዕሉም ግሩም ነው። ሞተሩንና ሴንሰሩን ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ልኬያለሁ፤ ካልሲው የእማዬ ነው፣ እንዳይወስዱባት። አንድ ነገር ልጨምር ካሉኝ፣ ሣጥኑ ትንሽ ጨዋነት ቢኖረው ጥሩ ነው። ዝም ብሎ የተገተረ ሣጥን ሰው ያናድዳል። ከኋላው ሰው ጠጋ ሲል «ይቅደሙ» ማለት ቢችል ማን ይጠላዋል?

እማዬ የጻፈችው መስመር የእርስዎ ፊርማ ላይ ወጥቷል። ዓይኗን በተመለከተ፣ ሣጥኑ እስኪያልቅ ድረስ ማን ነው የሚሰለፍላት? ይህን ብቻ ይንገሩኝ።

እጅዎን ከመሰርሰሪያው ይጠብቅልዎ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 28 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለሣጥኑ የጨዋነት አማካሪ፤

የደስታሽ ባትሪ አይለቅ። ሞተሩም ሴንሰሩም ካልሲውም በሰላም ደረሱ። የጥቅምቱ ሰኞ ደብዳቤዬ ገና መንገድ ላይ ስለነበረ አለፈ፤ በዚህ ማንም ሊወቀስ አይችልም።

ጨዋነት ያልሽው ነገር ገረመኝ። እኔ እንዴት ሳላስበው ቀረሁ! ወዲያው ድምፅ ማጉያ ገጠምኩለት። «ይቅደሙ» የሚለውን እናትሽ ራሷ ተናግራ ቀዳሁ። ድምፅዋን ታውቂዋለሽ፤ ሂሳብ ሊጠይቅ የመጣውን ሰው ሳይቀር ቁጭ ያሰኛል። ከኋላው ሰው ሲጠጋ ሣጥኑ «ይቅደሙ» ይልና ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል።

የኅዳር ሰኞ ታሪካዊ ሆኖ ዋለ። ሰልፈኛው ሁሉ ተገርሞ ዞሮ አየው። አንድ አዛውንት ሣጥኑን መርቀውታል፤ ከተወለድኩ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ዕቃ አላየሁም ነው ያሉት። ሁሉም ሰው እያመሰገነው አለፈ። ውጤቱን በተመለከተ፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ይገኛል።

በሚቀጥለው ፖስታ ማጉያ መነጽር ላኪልኝ፤ ለጥቃቅን ብሎን ነው። ትልቅ ቢሆን ይመረጣል።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። እጇን ሳሙና ስለነካው በራሷ አልጻፈችም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 17 ቀን

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? እዚህ ብርድ ገብቷል፤ የማዶው ሰውዬ መስኮቱን በወረቀት ለጥፎታል፣ እንግዲህ ተለያየን።

ማጉያ መነጽሩን ልኬያለሁ። ለብሎን ከሆነ ይህን ያህል ስፋት የሚፈልግ ብሎን አላውቅም፤ ግን እርስዎ ያውቃሉ።

ከትናንት በስቲያ ለእማዬ ደውዬ ነበር። ደህና ነኝ አለችኝ። እሷ ደህና አይደለሁም ያለችበት ቀን ስለሌለ ይህን አልቆጥረውም። ስናወራ ግን «መብራት ጠፋ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። እናንተ ጋ ሰዓቱ ቀትር ነበር።

ጋሼ፣ «በሂደት ላይ» የሚለው አልገባኝም። ተመዝግባለች ወይስ አልተመዘገበችም? አንድ ቃል ይበቃኛል። እሷም በእጇ አንድ መስመር ትጻፍልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 6 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለመሥሪያ ቤታችን የውጭ ተጠሪ፤

መንገድሽ ይቅናልሽ፣ አለቃሽ ይውደድሽ። መልስ ያዘገየሁት ከሥራ ብዛት ነው። ደስ ይበልሽ፤ ሁለተኛውን ሣጥን ፀጉር አስተካካዩ ለአማቱ ዓይን ወስዶታል። (ለአማት እንደሚቸኮለው ያህል ነው የቸኮለው።) ግማሹን ቀን እኔ ወርክሾፕ ቁጭ ብሎ ስለ ድርጅታችን ያወራል። ስሙን «ተራ ያዥና ቤተሰቡ» ብለነዋል። ማኅተም አሠርተናል። ማኅተም የሚያደርጉበት ወረቀት ገና አልተገኘም።

ትናንት ሁለቱ ሣጥኖች አብረው ተሰልፈው ዋሉ። በመካከላቸው ከፍተኛ መከባበር ታይቷል። ዝርዝሩ ሲጠናቀቅ ይገለጽልሻል።

ሌላም አለ። የጠፋ ጫማ ከአልጋ ሥር ራሱ «እዚህ ነኝ» እንዲል የሚያደርግ ደወል አስቤያለሁ። ሁለቱ ጫማዎች ለየብቻ ከጠፉ እርስ በርስ ይጠራራሉ። ግሩም አይደለም?

አጎትሽ

*ክብርት ልጄ ሆይ፣ እኔ በፍጹም ጤንነት ላይ እገኛለሁ። ዓይኔን በተመለከተ አታስቢ። ወላጅ እናትሽ*


የካቲት 21 ቀን

ጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ።

እናቴ በሕይወቷ «ክብርት» ብላኝ አታውቅም። በጣም የተደሰተች ቀን «ልጄ» ትለኛለች። መስመሩ ደግሞ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሏል፤ የእማዬ መስመር ሲጀምር ወለል ላይ ነው፣ ሲጨርስ ጣሪያ። ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው። ብዕር እንኳ አልቀየሩም።

እኔም የደበቅኩት አለ፤ ልንገርዎ። መሐንዲስ አይደለሁም። የምሠራው የቤት ዕቃ በሚፈተሽበት ቤት ነው። አንድ የብረት ክንድ የማቀዝቀዣ በር ቀኑን ሙሉ ይከፍታል፣ ይዘጋል። እኔ አጠገቡ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ማጠፊያው ሲጢጥ ያለ ጊዜ ስንተኛው መክፈቻ ላይ እንደሆነ እጽፋለሁ። እማዬ ለጎረቤት መሐንዲስ ናት ስትል ሰማሁና ዝም አልኩ። ደስ ብሏት ነበር።

በቤቱ አንድ ሕግ አለ። ዕቃው ጥሩ ነው ተብሎ አይጻፍም፤ የተሰበረው ብቻ ነው የሚጻፈው። ለማላውቀው ፋብሪካ ይህን በየቀኑ አደርጋለሁ። እርስዎ ግን ሥዕል ሲልኩልኝ፣ ታላቄ ነዎትና፣ በደንብ ሳላይ «ግሩም ነው» አልኩ። ስለዚህ አሁን እንደ ሥራዬ ልጠይቅዎ። ሣጥኑ ስንት ጊዜ ወጣ? ስንት ጊዜ መስኮቱ ጋ ደረሰ? እናቴ ምን ያህል ታያለች?

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 8 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ዛሬ ማዕረግ አልጻፍኩልሽም፤ የሚገባው ማዕረግ የትኛው እንደሆነ ስለጠፋኝ ነው። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፤ ይኸው የጠየቅሽው።

ሣጥኑ አምስት ጊዜ ወጣ። መስኮቱ ጋ አንድም ጊዜ አልደረሰም።

ኅዳር ላይ ከኋላው የመጣውን ሁሉ አስቀድሞ አርባ አንደኛ ሆኖ ተመለሰ። የመረቁት አዛውንትም ካለፉት አንዱ ናቸው። ታኅሣሥ ላይ ዕድሜ እንዲለይ ላደርገው ሞክሬ ነበር፤ ለበግ ጭምር «ይቅደሙ» አለ። ጥር ላይ ባትሪው አለቀበት፣ ያ እንኳ የተሻለው ወር ነው፤ ሰዎች ራርተው እየገፉ እስከ ሃያኛ አድርሰውት ነበር።

የካቲት ላይ የሆነውን ብትሰሚ ታዝኚ ይሆን ትስቂ አላውቅም። ሰልፉ አጭር ነበር። የእኛና የአስተካካዩ ሣጥኖች ሰባተኛና ስምንተኛ ሆነው ጎን ለጎን በሩ ጋ ደረሱ። የእኛው በእናትሽ ድምፅ «ይቅደሙ» አለና ሁለት እርምጃ አፈገፈገ። ያኛው በአማቲቱ ድምፅ «ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለና ላለመበለጥ እሱም ሁለት እርምጃ አፈገፈገ። የእኛው ደግሞ ደገመ። እንዲህ እየተከባበሩ፣ እየተጋበዙ፣ ግቢውን አቋርጠው በዋናው በር ወጥተው አስፋልት ደረሱ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከኋላ የነበሩት ገብተው ተመዘገቡ። መዝጋቢዋ በመስኮቱ ብቅ ብላ «ጋሼ፣ ሁለቱን ዕቃዎች ከመንገድ ላይ ያንሡልን፤ ሞልቷል» አለችኝ።

በዚህ ወር ጨዋነቱን ነቀልኩለት። አንዲት ነፍሰ ጡር ደክሟት ተቀመጠችበት። ማን ተነሺ ይበላት? ሞተሩ ተቃጠለ።

ለምን ራሴ አልተሰለፍኩም ትያለሽ። ልሰለፍ ስል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይታየኛል። ፈጣሪው ራሱ በፈጠራው አያምንም ይሉኛል። ለዚህ ነው የእህቴን ዓይን የሰጠሁት። ስጽፈው እንዲህ ትንሽ ነገር ሆነ፤ ሳስበው ትልቅ ነበር።

እናትሽ በቀኙ ብርሃን ብቻ ነው የምታየው፤ በግራው እጇን ትለያለች። ማጉያ መነጽሩ ለእሷ ነበር፤ አሁን እሱም አይረዳትም። በየሰኞው «ስንተኛ ሆንኩ?» ትለኛለች። «ቀርበሻል» እላታለሁ። «እሺ» ትልና የስፌት መኪናዋ ጋ ሄዳ ትቀመጣለች። መኪናዋን አትነካም። ጨርቁን በእጇ ትዳብሳለች፣ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

የቀረው አንድ ሰኞ ነው። ከአንቺ ምንም ዕቃ አልፈልግም።

አጎትሽ


መጋቢት 20 ቀን

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ይህን በአስቸኳይ ፖስታ ልኬዋለሁ።

ሣጥኑ መጥፎ ነው። ሰው ሆኖ ሰልፍ መቆም የማይቻልበት ቦታ ካለ ያኔ እንነጋገርበታለን። ጫማው ከአልጋ ሥር የሚጮኸውም መጥፎ ነው፤ ቤቱን ሁሉ ያሳብዳል። ጃንጥላው ጥሩ ነው። ይህን ስል አሁን የምር ነው።

ጨዋነቱን ያስገባሁበት እኔ ነኝ። ቀልድ ነበር፣ ለቀልዴ ሞተር ገጠሙለት። ስለዚህ እርስዎ ብቻዎን አይደሉም የተሰለፉት።

ሰኞ ራስዎ ይሂዱ። እማዬንም ይዘዋት ይሂዱ፣ ፎቶግራፏን አይደለም፣ እሷን። ማንንም አያስቀድሙ። አዛውንት ቢመጣ እርስዎም አዛውንት ነዎት። የሚያውቅዎ ሰው ሣጥኑስ ቢልዎ የፈለጉትን ይመልሱ፤ ከቦታዎ ግን እንዳይነቃነቁ። አፍዎን ካላመኑት ዳቦ ጎርሰውበት ይቁሙ።

ለእማዬ እውነቱን ቀድመው ይንገሯት። ከእኔ እንድትሰማው አልፈልግም።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 29 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለማጠፊያ አዳማጯ፤

አንቺን የሰጠን ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። ደብዳቤሽ ከሰኞው ሦስት ቀን ቀድሞ ደረሰ።

እውነቱን ለእናትሽ ነገርኳት። የስፌት መኪናዋ ጋ ተቀምጣ ሰማችኝ። ስጨርስ «አምስቱንም?» አለች። «አምስቱንም» አልኳት። ጨርቁን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች። በመጨረሻ «እኔ ድምፄን የሰጠሁህ ተራ እንዲያዝበት መስሎኝ ነበር» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ክንዷን ይዤ ደረስን፤ ዘጠነኛ ሆንን። አስተካካዩ አማቱን ይዞ ዐሥራ አንደኛ ላይ ቆሟል፤ ሱቁን ዘግቶ፣ መቀሱን በኪሱ ይዞ። ጀርባችን ላይ የቆሙ አንድ ባለ ከዘራ ሰውዬ ማቃሰት ጀመሩ።

«አይ እግሬ... አይ ወገቤ...»

መሬት ማየት ጀመርኩ። ማቃሰታቸው ጨመረ። አፌ እኔን ሳያማክር «ይቅ—» አለ። እናትሽ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አሁን ድረስ ምልክቱ አለ።

«ቀሪውን ዋጠው» አለችኝ።

«ሽማግሌ ናቸው እኮ።»

«አንተስ ጎረምሳ ነህ?» ከዚያ ዞር ብላ በዚያ በምታውቂው ድምፅዋ፣ «አባቴ፣ ዐሥረኛ ነዎት፣ ይደርስዎታል፤ እስከዚያ እኔን ይደገፉኝ» አለቻቸው። ተደገፏት። እኔ እሷን ይዤ፣ እሳቸው እሷን ተደግፈው፣ ሦስታችን እንደ አንድ ሰው መስኮቱ ጋ ደረስን። መዝጋቢዋ ግራ ቀኙን አየች።

«ሣጥኑስ?»

«ጡረታ ወጥቷል» አልኳት።

«ለእናቴ ልዋሰው ብዬ ወረፋ ይዤ ነበር እኮ!» አለች። ከልቧ ይሁን ከአፏ አላውቅም። ብቻ ጻፈችን።

ቀኝ ዓይኗ በስምንተኛው ቀን ተሠራ። የግራውን ሐኪሙ ከመሄዱ በፊት ጨምሮ ሠራላት፤ ለምን ዘገያችሁ ብሎ ሲጠይቅ እናትሽ «መንገድ ተዘግቶ ነበር» አለችው፤ እኔን አላየችም። ክር አሁን በራሷ ታስገባለች። የአስተካካዩን ነጭ ሽርጥ ሦስት ጊዜ ፈትታ ሰፋችው፤ ለመለማመጃ ነው ብላው።

አሁን የምነግርሽ ፋሻው የተፈታ ቀን የሆነውን ነው። ሐኪሙ ቀስ ብሎ አነሣው። እናትሽ መጀመሪያ መስኮቱን አየች። ቀጥላ የሐኪሙን ጫማ። ከዚያ እኔን ማየት ጀመረችና አላቆም አለች። ደስ ይላታል ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩላት፣ ፈገግም አልኩ።

«ና ወዲህ» አለችኝ።

ሄድኩ። የኮቴን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ፈታቻቸው፤ አንድ አንድ ቀዳዳ ዘልለው ተቆልፈው ነበር። አስተካክላ ቆለፈችልኝ። አንገትጌዬን ገለበጠችው፤ እሱም በውስጥ በኩል ዞሮ ኖሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትዞረው?»

ሰኞዎቹን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ይህን ኮት የምለብሰው ቁም ነገር ላለበት ቀን ነው። ጤና ጣቢያው ግቢ ስድስት ሰኞ፣ አምስቱን ከሣጥኑ ጎን፣ ለብሼው ቆሜያለሁ። መዝጋቢዋ አይታኛለች፤ አስተካካዩ ከሰልፍ መልስ ወርክሾፕ ቁጭ ብሎ ፊት ለፊት ያየኛል፤ ሕዝቡ አጨብጭቦልኛል። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለኝም።

አጎትሽ